ወንበሩ ባዶ፣ ትኬቱ ረጅም

ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር ጋምቤላ ከተማ መሃል ያለው የውርርድ ቤት በር ላይ መተላለፊያ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። አሁን ዘው ብሎ መግባት ይቻላል። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኖቹ በርተዋል፣ የዕለቱ ጨዋታዎች ከነኦዳቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ከፊሉ ወንበር ግን ሰው የለበትም። ከበሩ ጎን ጀበና የምትጥደው ሴት ነገሩን የምትለካው በቡናዋ ነው። «ድሮ የመጀመሪያው ጨዋታ ሳያልቅ ሌላ ጀበና እጥድ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ፤ «አሁን ያው አንዱም ይቀዘቅዝብኛል።»

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቤቱ ቀዘቀዘ ሲባል «ልጆቹ ልብ ገዙ» ብለው የሚደሰቱ ወላጆች አሉ። ደስታቸውን ብጋራ በወደድኩ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ የሚቆርጡትን ትኬት አያለሁ፤ ከወንበሩ ይልቅ የማምነው ትኬቱን ነው።

ሰው የቀነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጋምቤላ ከጥንትም ከውጭ በሚገባ ገንዘብ የምትንቀሳቀስ ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ሸቀጥ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በእኛ ዘመን ያንን ቦታ የያዘው የዕርዳታ ድርጅቶች ገንዘብ ነው። ክልሉ ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠግቷል። በኩሌና በቴርኪዲ፣ በጀዊና በፑኝዶ መጠለያዎች የሚሠራው ሾፌር፣ አስተርጓሚ፣ ጥበቃና ግንበኛ ደመወዙን የሚያወጣው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ብዙ ፕሮጀክት ተዘጋ፣ ብዙ መታወቂያ ተመለሰ። በ2018 መግቢያ ላይ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ላሉ ስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ አወረደ። ከራሽኑ ቀንሶ ሸጦ ሳሙናና የሞባይል ካርድ ይገዛ የነበረው ስደተኛ ሲጎድልበት፣ የከተማው ሱቅም አብሮ ይጎድልበታል።

የብሩ ነገርም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በመቱና በጎሬ አድርጎ ከመሃል አገር የሚመጣ ዘይትና ጤፍ ላይ የነዳጁ ዋጋ ሲታከልበት፣ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ጋምቤላ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ ሲሆን ከውርርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚቀረው ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ነው። ደመወዝ ሲወጣ 200 ብር አስይዞ አንድ ጨዋታ የሚቆርጥ፣ ቢበላም ቢበላበትም ስቆ ወደ ቤቱ የሚሄድ። ሌላ ወጪ ሲመጣበት ይተወዋል። የማይቀረው ሥራ ያጣው ወጣት ነው። እሱ ቁማሩን አልተወም፤ የሚያስይዘውን ገንዘብ ቀንሶ የጨዋታውን ቁጥር ጨመረ። በ20 ብር አሥር ጨዋታ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ቀስ ብዬ ላሳይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። በአንድ ጨዋታ ከሁለት ተኩል ጎል በላይ ወይስ በታች ይቆጠራል የሚለውን እንውሰድ። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ትክክለኛው ኦድ፣ ማለትም ሲያሸንፉ የተያዘው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ 2.00 ነው። ቤቱ ግን ለሁለቱም ወገን 1.85 ጻፈ እንበል። አንዱ ልጅ «ኦቨር»፣ ሌላው «አንደር» ብሎ በየ100 ብር ቢቆርጡ ቤቱ 200 ብር ተቀብሎ ለአሸናፊው 185 ይከፍላል። ማንም ያሸንፍ ማን፣ 15 ብሩ የቤቱ ነው፤ ከየ100 ብሩ 7 ብር ከ50 ማለት ነው።

አሁን እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች በአንድ ትኬት እናያይዝ። ኦዱ ሲባዛ 470 ገደማ ይደርሳል። በ20 ብር የተቆረጠው ትኬት ላይ «ሊያሸንፉ የሚችሉት» በሚለው መስመር 9,390 ብር ገደማ ይጻፋል፤ ልጁ የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ግን ከ1,024 አንድ ነው። ኦዱ በተባዛ ቁጥር የቤቱ ድርሻም አብሮ ስለሚባዛ፣ ለዚያ 20 ብር በአማካይ የሚመለሰው 9 ብር ከ17 ሳንቲም ብቻ ነው። በአንድ ጨዋታ 200 ብር ያስይዝ የነበረው ባለደመወዝ በአማካይ 15 ብር ለቤቱ ይተው ነበር። 20 ብር ብቻ ያለው ልጅ 11 ብር ገደማ ይተዋል። በቀን ሁለት ትኬት ከቆረጠ ከባለደመወዙ በላይ ተበላ። ወንበሩ ባዶ ሆነ ማለት ቤቱ ከድሃው የሚወስደው ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ የምለው ለዚህ ነው።

ባጃጅ የሚነዳ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርቼ ሳሳየው ዝም ብሎ ተከታተለኝ። ከዚያ «ገብቶኛል ቲቸር፤ ግን በ20 ብር ምን ይገዛል?» አለኝ። «ሻይ ብጠጣበት ሻይ ጠጣሁ ነው። ትኬት ሲሆን እስከ ማታ ድረስ ተስፋ አለኝ።» ይህን ልጅ ሰነፍ ነው ብሎ መናቅ ነውር ነው። ሥራ በሌለበት ከተማ ውስጥ ተስፋ የሚሸጥለት ያገኘው እዚያ ብቻ ነው። ኳስም ያውቃል። ጋምቤላ ኡመድ ኡክሪን ለብሔራዊ ቡድንና ለግብፅ ክለቦች ያበረከተች ምድር ናት፤ እዚህ ያሉ ልጆች የአንድን ቡድን አሰላለፍ ከነተጠባባቂው ይነግሩሃል። ጣጣው ኦድ የሚያወጣውም ያንኑ ሁሉ ማወቁ ነው፤ የአጥቂው ጉዳት ልጁ ጆሮ ሲደርስ ኦዱ ቀድሞ ተስተካክሏል።

«ዘጠኙ ገብቶልኝ በአንዱ ተቃጠልኩ» የሚለውን ደግሞ ሳልሰማው የሚያልፍ ሳምንት የለም። ልጆቹ ለማሸነፍ አንድ ስንዝር የቀራቸው ይመስላቸዋል። ባወጣነው ሒሳብ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ብቻ የሚገቡበት ዕድል አሥሩም ከሚገቡበት አሥር እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ጨዋታ መቃጠል የአሥር ጨዋታ ትኬት በተፈጥሮው የሚያመጣው ነገር ነው እንጂ የነገው ድል ምልክት አይደለም። ለነገ 20 ብር እንዲበደሩ የሚገፋፋቸው ግን ይኸው «አንዱ» ነው።

ገንዘብ ሲጠፋ ቤቱ መቀዝቀዙም፣ ትንሽ የሚያስይዘው በድርሻ የበለጠ መበላቱም የእኛ ከተማ ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. 39 ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ የነበራት ላስ ቬጋስ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ በ2009 ወደ 36 ሚሊዮን ገደማ ወረደች፤ የኔቫዳ ካዚኖዎች ገቢም ከ12.8 ቢሊዮን ወደ 10.4 ቢሊዮን ዶላር ዝቅ አለ። እዚያም በሳንቲም የሚጫወቱባቸው ማሽኖች በትልቅ ገንዘብ ከሚጫወቱባቸው ይልቅ ከየዶላሩ የሚያስቀሩት ይበዛል። ትንሽ የሚያስይዝ ሰው በየትም አገር ውድ ዋጋ ይከፍላል።

የእኛን የሚለየው ስልኩ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመላክ ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ለውርርድም እንደዚያው። ባሮ ድልድይ ላይ ቆሞ፣ ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ አንዳንዴም እኔ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከዴስክ ሥር ይቆረጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2015 የውርርድ ቤቶች ሲታሸጉ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል፤ ስልክ ውስጥ ያለውን ቤት ግን በማሸጊያ ወረቀት መዝጋት አይቻልም። ልጆቹ ቤቱ ገብተው በሚቆርጡበት ጊዜ ቢያንስ የቡናዋ ባለቤት «ዛሬስ ይበቃሃል ወንድሜ» የምትለው ልጅ ፊቷ ተቀምጦ ነበር።

ለስፖርት ውርርድ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ትኬት የሚያትመው ማሽንም ሆነ የስልኩ መተግበሪያ «ሊያሸንፉ የሚችሉት» የሚለውን በቅጽበት ያሰላል። አማካይ ተመላሹንም ማስላት አያቅተውም። ከ9,390 ብሩ ሥር፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ «የማሸነፍ ዕድልዎ ከ1,024 አንድ ነው፤ ከ20 ብርዎ በአማካይ የሚመለሰው 9 ብር ከ17 ሳንቲም ነው» ተብሎ ይጻፍ። ልጁ ከዚያ በኋላም ሊቆርጥ ይችላል፤ ግን የሚገዛውን ነገር ዋጋ አይቶ ይገዛል።