ነፋስ የገነጠለው ጣሪያ
ስለ ጣሪያ ጉዳትና ጥገና ስያሜዎች

1. መነሻ

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉት የኦሮሚያ ከተሞች፣ ማለትም አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔና አካባቢያቸው፣ ከነፋስ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። አዳማን ብቻ ብንወስድ፣ በአቅራቢያዋ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች መተከላቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ይኸው ለመብራት የሚበጅ ነፋስ ዝናብ ሊጥል ሲል ከደመናው ሥር ወርዶ በድንገት በሚመታበት ጊዜ ግን የቤት ጣሪያ ይፈታል፤ ቆርቆሮ ያነሣል፤ ኮርኒስ ያወርዳል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥገናውን ብቻ ሳይሆን የጥገናውን ቋንቋ ነው። ምክንያቱም ጉዳት የደረሰበት ሰው ለቀበሌ በሚያቀርበው ማመልከቻ፣ የመድን ውል በሚተረጉም ሰው ብዕር፣ ወይም የግንባታ መመሪያን ወደ አማርኛ በሚመልስ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቃል ሲሳሳት፣ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። ሁለት ቆርቆሮ የላላበት ሰውና ጣሪያው ከነማገሩ የሄደበት ሰው ሁለቱም «ጣሪያዬ ፈረሰ» ብለው ቢጽፉ፣ ጉዳቱን የሚገምተው ሰው ከቃሉ ምንም ሊረዳ አይችልም። የበለጠ የተጎዳው ሰው ከተመልካች ዓይን የሚሰወረው በዚህ ጊዜ ነው።

2. ስለ ነፋሱ ስሞች

በትርጉም ሥራ ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥመን ልማድ ማንኛውንም ብርቱ ነፋስ «ዐውሎ ነፋስ» ማለት ነው። ዐውሎ የመዞርን ሐሳብ የያዘ ስለ ሆነ፣ በሜዳው ላይ አቧራ እያሽከረከረ የሚሄደውን አዙሪት ለመጥራት ይስማማዋል። በውቅያኖስ ላይ ተነሥቶ አገር የሚያጠፋውን ታላቅ ነፋስም በዚሁ ስም መጥራት የተለመደ ነው። በአዳማ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይዞርም፤ ከደመና ወርዶ በአንድ አቅጣጫ የሚገፋ ነው። ለዚህ ቋንቋችን ሌሎች ቃላት አሉት፤

ወጀብ፦ ብርቱ ነፋስ ከዝናብ ጋር ተባብሮ ሲመታ የሚሰጠው ስም። ስለ ባሕር ሲነገር ቢለመድም ለየብስ መዋሉ ስሕተት አይደለም።

ውሽንፍር፦ በነፋስ እየተገፋ ወደ ጎን የሚዘንብ ዝናብ፤ የአየሩን ጠባይ ያመለክታል።

ወጨፎ፦ በነፋስ ኃይል በመስኮት፣ በበርና በክፍክፍ ሥር ወደ ቤት የሚገባው ዝናብ።

በውሽንፍርና በወጨፎ መካከል ያለው ልዩነት በዕለታዊ ንግግር ሁልጊዜ አይጠበቅም። ሆኖም በሙያ ጽሑፍ እንዲጠበቅ ሐሳብ እናቀርባለን። በወጨፎ የረጠበ ግድግዳና ጣሪያ ስላፈሰሰ የረጠበ ግድግዳ ጥገናቸው የተለያየ ነውና።

እዚህ ላይ የአካባቢውን ሌላ ቋንቋ መዘንጋት አይገባም። በእነዚህ ከተሞች አናጢው በአማርኛም በኦሮምኛም ይሠራል። በኦሮምኛ ነፋስ «ቡቤ»፣ በረዶ «ጨቢ»፣ የቤት ምሰሶ «ኡቱባ»፣ ለክዳን የሚሆነው ሣር «ጪታ» ይባላል፤ ቆርቆሮን ግን ሁለቱም ቋንቋዎች ተቀራራቢ በሆነ ስም ይጠሩታል። ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመልስ ሰው ይህን ቢያውቅ ከመዝገበ ቃላት የማያገኘውን በመንደር ያገኘዋል።

3. ስለ ጣሪያው ክፍሎች

«ጣሪያ» የሚለው ቃል በልማድ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይሸከማል፤ ከላይ ያለውን ክዳን፣ ክዳኑን የሚሸከመውን የእንጨት አካልና ከውስጥ የሚታየውን ኮርኒስ። ጉዳት ሲመዘገብ ሦስቱ መለየት አለባቸው።

ክዳን፦ «ከደነ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሣር ሊሆን ይችላል፤ ቆርቆሮም ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ የሚለው ስም ደግሞ ማዕድኑንም፣ ከእርሱ የሚሠራውን ዕቃም፣ የጣሪያውን ልባስም ይጠራል። ተርጓሚው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር የጣሪያው ቆርቆሮ በማዕድንነቱ ቆርቆሮ አለመሆኑን ነው፤ በዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ስለዚህም ልባሱ በተፋቀበት ሁሉ ይዝጋል፤ ስለ ዝገቱ የሚጻፍ መመሪያ «የብረት ዝገት» ቢል ትክክል ነው።

የቆርቆሮ ውፍረት በገበያ በ«ጌጅ» ይነገራል። እዚህ ላይ ብዙ ተርጓሚዎች ይሰናከላሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳልና። ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ከባለ 28 ጌጅ ይሳሳል። «ከፍ ያለ ጌጅ» የሚል ሐረግ አንባቢን ወደ ተቃራኒው ስለሚመራ፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር መጻፍ ወይም «ወፈር ያለ»፣ «ሳሳ ያለ» ማለት ይሻላል።

ተሸካሚ እንጨቶች፦ ወራጅ «ወረደ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን ከጣሪያው አናት ወደ ግድግዳው አዘንብሎ የሚወርደው ነው። ማገር በወራጆቹ ላይ አግድም የሚመታው ነው፤ በግድግዳም ላይ ይገኛል። በተጋዘ እንጨት በሚሠራ ቤት የማገሩን ቦታ ከጣሊያንኛ የመጣው ሞራሌ ይዞታል። ችግሩ በእንጨት ገበያ ቋሚ፣ ወራጅ፣ ማገርና አጣና የባሕር ዛፍ መጠን ስሞችም መሆናቸው ነው። «10 ወራጅ ያስፈልጋል» የሚል ዝርዝር የጣሪያውን ክፍል ይናገር ወይም የእንጨቱን መጠን አይታወቅም። ስለዚህ በውልና በግምት ወረቀት ላይ «ለወራጅ የሚሆን እንጨት» ወይም «ወራጅ የሚባለው መጠን» ተብሎ እንዲለይ እንመክራለን።

ኮርኒስ፦ ይህም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በምንጩ ቋንቋ የግድግዳ ወይም የጣሪያ ጠርዝ ጌጥን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ከጣሪያው ሥር የሚዘረጋውን የውስጥ ልባስ ሁሉ ይጠራል። በቀድሞ ቤቶች ከአቡጀዲ ይሠራ ነበር። የጣሊያን ዘመን የሕንጻ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ቃሉን እንዳለ ቢያሸጋግረው ይሳሳታል።

ጠፈር፦ በግዕዝ የሰማይን ጠፈርና የቤትን ጣሪያ በአንድነት ይጠራ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ለኅዋ ምርምር ስለ ዋለ፣ ለቤት መመለሱ አንባቢን ያደናግራል። ጥንታዊነት ብቻውን ለስያሜ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ክፍክፍና አሸንዳ፦ ክፍክፍ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የጣሪያ ጫፍ ሲሆን አሸንዳ ከእርሱ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበለው ነው። ሁለቱም የቆዩ ስለ ሆኑ ምትክ አያሻቸውም።

4. ጣሪያን ነፋስ እንዴት እንደሚያነሣው

ስያሜ ከአሠራር ይከተላልና የነፋሱን ሥራ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ በላዩ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በተከፈተ በር ወይም መስኮት የገባው አየር ደግሞ ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል። ጣሪያው በዚህ ጊዜ ከላይ ይሳባል፤ ከታች ይገፋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ በአዳማ ከፍታ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 40 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ግፊት ይኖረዋል፤ የአንድ ካሬ ሜትር ስስ ቆርቆሮ ክብደት ግን ከ4 ኪሎ ግራም አይበልጥም። እንግዲህ ጣሪያን በቦታው የሚያቆየው ክብደቱ ሳይሆን ማሠሪያው ነው። ነፋሱም ሥራውን የሚጀምረው ከክፍክፍ፣ ከማዕዘንና ከአናት ነው።

ስለዚህ «ነፋስ ጣሪያውን ጣለው» ከማለት «ነፋስ ጣሪያውን አነሣው» ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። የምሕንድስና ጽሑፍ ተርጓሚዎች ለዚህ ኃይል «የማንሣት ግፊት» የሚለውን ቢጠቀሙ ይገባናል። እንዲሁም የጣሪያውን ባለ ሦስት ማዕዘን ተሸካሚ «ትራስ» ብሎ መጻፍ ከራስጌው ትራስ ጋር ያጋጫል፤ «የጣሪያ ተሸካሚ» ቢባል አንባቢ አይስትም።

5. ስለ ጉዳቱ ግሶች

አማርኛ ለጉዳት ደረጃ የሚበቁ ግሶች አሉት። ጉድለቱ የቃል ማጣት አይደለም፤ ያሉትን አለመለየት ነው። ለጉዳት መግለጫ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እናቀርባለን፤

ላላ፦ ሚስማሩ ከእንጨቱ ተነቅሎ፣ ቆርቆሮው ግን በቦታው ሲቀር።

ተበሳ፦ በበረዶ፣ በወደቀ ቅርንጫፍ ወይም በዝገት ቀዳዳ ሲፈጠር።

ተገሸለጠ፦ ቆርቆሮው በአንድ ወገን ተላቆ ወደ ላይ ሲገለበጥ።

ተገነጠለ፦ ክዳኑ ከእንጨቱ ፈጽሞ ተለይቶ ሲሄድ፣ እንጨቱ ግን ሲቆም።

ተነቀለ፦ ወራጅና ማገር ከክዳኑ ጋር ከግድግዳው ሲለዩ።

ፈረሰ፦ ግድግዳውም ጭምር ሲወድቅ።

በዚህ አከፋፈል «ተገነጠለ» እና «ተነቀለ» መካከል ያለው ድንበር ዋነኛው ነው። የመጀመሪያው ቆርቆሮና ሚስማር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው እንጨትና አናጢ፣ አንዳንዴም አዲስ ግድግዳ ይጠይቃል። «አፈሰሰ» የሚለው ግስ ደግሞ የጉዳት ስም ሳይሆን የጉዳት ምልክት ነው። ውሃው ከቀዳዳው ገብቶ በወራጅ ወይም በሞራሌ ላይ ተጉዞ በሌላ ቦታ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ «የፍሳሹ መግቢያ» እና «የጠብታው መውደቂያ» ተብለው መለየት አለባቸው፤ በኮርኒሱ ላይ ያለውን እድፍ ብቻ አይቶ ከበላዩ ያለውን ቆርቆሮ የሚደፍን ሰው ብዙ ጊዜ ጤነኛውን ይደፍናል።

6. ስለ ጥገናው ግሶች

ጠገነ አጥንት ለሚያቃና ወጌሻም የሚነገር ግስ ነው፤ የተሰበረውን ወደ ነበረበት መመለስን ያመለክታል። አደሰ ያረጀውን አዲስ ማድረግ ነው። የመድን ውል ሲተረጎም ሁለቱን ማቀላቀል አደገኛ ነው፤ ነፋስ የጎዳውን መጠገንና በዕድሜ የዛገውን ማደስ በውል ፊት አንድ ላይሆኑ ይችላሉና። ደፈነ ቀዳዳን መዝጋት፣ ለጠፈ በላዩ ሌላ ቁራጭ ማድረግ፣ ከደነ ወይም አለበሰ ክዳኑን እንደ ገና መምታት ነው።

እነዚህ ግሶች በአሠራር ቅደም ተከተል እንዲህ ይገባሉ። መጀመሪያ የወደቀ የመብራት ሽቦ ቆርቆሮውን አለመንካቱ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ሸራ ወይም ላስቲክ ተዘርግቶ ይታሠራል፤ ይህን «ጊዜያዊ ክዳን» እንለዋለን። ከዚያ ክዳኑ ሳይነካ እንጨቱ ይመረመራል፤ የበሰበሰ ማገር ላይ የተመታ ሚስማር በሚመጣው ወጀብ ይነቀላል። ወራጁም በማሠሪያ ሽቦ ከግድግዳው ጋር ይታሠራል። ቆርቆሮው ከክፍክፍ ወደ አናት ይለበሳል፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል። የጎን ድርቡ ጫፍ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዳይዞር ይጠበቃል። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ አይመታም። አሮጌው ቀዳዳ አይደገምም፤ ተደፍኖ ሌላ ይበሳል። በክፍክፍና በአናት ላይ ሚስማሩ ይበዛል።

ከዚህ አንቀጽ «ድርብ»፣ «ጉብታ»ና «ቦይ» የሚሉትን ለሙያው ስያሜነት እናቀርባለን፤ ሦስቱም አናጢው ሳይብራራለት የሚረዳቸው ናቸው። ስለ ማያያዣዎች አንድ ነገር እንጨምር። አማርኛ ከጣሊያንኛ «ካቻቢቴ» የሚለውን የመሣሪያ ስም ሲወስድ፣ በመሣሪያው የሚጠብቀውን ነገር ግን ብዙ ጊዜ «ብሎን» ይለዋል፤ በመፍቻ የሚጠብቀውም ብሎን ነው። ጥርስ ያለው ማያያዣ ከለስላሳ ሚስማር ይልቅ የማንሣት ግፊትን ስለሚቋቋም፣ መመሪያ ጸሐፊው «እንጨት ውስጥ የሚገባ ብሎን» ብሎ ቢለየው ይጠቅማል።

7. ማጠቃለያ

ካቀረብናቸው ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም። ቃል ከመፍጠር በፊት ያለውን መስማት፣ ከዚያም ግዕዝንና የአገራችንን ሌሎች ቋንቋዎች መመልከት፣ የውጭውንም ሥር ከሰደደ አለመንቀል የያዝነው አካሄድ ነው። ሞራሌና ኮርኒስ ከአናጢው አፍ አይወጡም፤ መውጣትም አያስፈልጋቸውም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በችኮላ የተመታ ቆርቆሮ በሚቀጥለው ነፋስ ይነሣል። በችኮላ የተተረጎመ ቃልም እንዲሁ ነው፤ በጸጥታ ጊዜ የሚያዝ ይመስላል፤ ጉዳት ደርሶ ሰው መብቱን በእርሱ ሊያስረዳ ሲፈልግ ግን ይላቀቃል። የጉዳት መግለጫ ቅጽ የሚያዘጋጁና የሚተረጉሙ ባለሙያዎች ከላይ የተዘረዘሩትን ስድስት ግሶች በሥራቸው ላይ ፈትነው፣ የሚጎድለውን ቢያርሙና ቢጨምሩበት ዓላማችን ይፈጸማል።