በጸደይ መግቢያ በሐይቅ ዳር ወፎችን ስለ መመልከት

ሐጋይ አልቆ መጋቢት 26 ቀን ጸደይ ሲገባ፥ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚታዩት ወፎች ይለዋወጣሉ። በበጋው ወራት በብዛት የነበሩት ከፊሎቹ ከመጋቢት ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይጠፋሉ፤ ከፊሎቹ ግን ዓመቱን በሙሉ ከቦታቸው አይለዩም። ይህ ስለ ምን እንደሚሆን ለተማሪዎች በሚገባ ለማስረዳት፥ መምህሩ ከአገር ሽማግሎች ጋራ ሆኖ ልጆቹን በሐይቁ ዳር በእግር ይዞ መሄድ አለበት። የጉዞው ምክንያትና ሥርዐት ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

፩ኛ፤ ስለ ባላገሮቹና ስለ እንግዶቹ

በሐይቆቻችን ያሉ ወፎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ባላገሮቹ በአገራችን ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉ ናቸው፤ ከእነርሱም ዓሣ በሉ ንስር፥ በዝዋይ ወደብ የዓሣ ትርፍራፊ የሚለቅመው አባ ኮዳና ከምንቃሩ በታች ከረጢት ያለው ፔሊካን ይገኛሉ። እንግዶቹ ግን በአውሮፓና በእስያ የተፈለፈሉ ናቸው። ምንቃሩ እንደ ማንካ የሰፋው ዳክዬ፥ በከብት እግር ሥር ጅራቷን እየነቀነቀች የምትሄደው ደረተ ቢጫ ወፍ፥ ጅራቷ እንደ መንሽ የተከፈለች በራሪ፥ ነጩም ሽመላ ከእንግዶቹ ወገን ናቸው። እረኞች እነዚህን ኹሉ በመልክ ያውቋቸዋል፤ አገራቸው ወዴት እንደ ሆነ ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

በሰሜን አገር ብርድ በጸና ጊዜ ውኃው በረዶ ይሆናል፥ ትሉና ዝንቡም ይጠፋል፤ ስለዚህ ምግብ ፍለጋ ወደ እኛ ይመጣሉ። በመጋቢት ያ ብርድ ሲያልፍ ሊፈለፍሉ ወደዚያው ይመለሳሉ። ከመነሣታቸው አስቀድሞ በሐይቁ ዳር አብዝተው ይበላሉ፤ በገላቸው የሚያከማቹት ስብ የመንገድ ስንቃቸው ነው። ሐይቁ ምግብ ያጣ እንደ ሆነ ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ ይሆናሉ።

ሽመላ ከምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፋ ስለምትሄድ፥ ፀሐይ ምድሩን ሳታሞቅ መንገድ አትጀምርም። እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ ሰፊውን ባሕር ትታ በዐባይ ሸለቆና በሲና በኩል በየብስ ትዞራለች። ቀድሞ በአውሮፓ አንዳንድ ሊቃውንት ወፎች በብርዱ ወራት በውኃ ሥር በጭቃ ውስጥ ይተኛሉ ይሉ ነበር። በ1822 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ግን በሰሜን ጀርመን አንዲት ሽመላ በተገደለች ጊዜ፥ የአፍሪካ ጦር በአንገቷ እንደ ተሰካ ተገኘ። ከወዴት እንደ መጣች የመሰከረው ያ ጦር ነው፤ ሽመላዋም እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች።

፪ኛ፤ ስለ ጉዞው ሥርዐት

ጉዞው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀመር፤ ፀሐይም ከጀርባ ትሁን። ነጭ ሸማ ከሩቅ ስለሚታይ ደብዘዝ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ውሻ አይከተል፥ ድንጋይም አይወርወር። ወደ ጎጆ አይቅረቡ። ጉማሬ ወይም ቢልሃርዝያ ባለበት ሐይቅ ማንም ልጅ እግሩን ከውኃ አያግባ።

መንጋ በሚቈጠርበት ጊዜ በመጀመሪያ 10 ወፎችን በዓይን ለይቶ፥ መንጋው የዚህን ስንት እጥፍ እንደሚሆን መገመት ነው። ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ይቍጠሩ፤ መምህሩ ሁለቱን ቍጥሮች ደምሮ ለሁለት ያካፍል። ይህም የሒሳብ ትምህርት ይሆናል። የወፉ ስም ባይታወቅ ምንቃሩን፥ እግሩንና ቀለሙን መጻፍ ይበቃል። ሽማግሎች በኦሮምኛም ሆነ በዛይኛ የሚጠሩት ስም እንደ ተነገረ ይጻፍ። ደግሞም ከማይነቃነቅ አንድ ዐለት እስከ ውኃው ዳር ያለው ርቀት ሁልጊዜ በአንድ ገመድ ይለካ። ጉዞው በየዓመቱ በዚያው ቀንና በዚያው መንገድ ካልተደገመ የሁለት ዓመት ቍጥር ሊነጻጸር አይችልም።

፫ኛ፤ ስለ ቈጠራው ጥቅም

የሻላ ሐይቅ ጥልቀቱ እስከ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ዓሣ እምብዛም የለበትም። ፔሊካኖች ሰው በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች እየፈለፈሉ፥ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ከጎረቤቱ ከአብያታ ሐይቅ ያመጡ ነበር። አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ሲሆን፥ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርድ ውኃ ይመግበው ነበር። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከዝዋይና ከወንዞቹ ለመስኖ፥ ከአብያታም ለሶዳ ሥራ ብዙ ውኃ ተወሰደ። ሐይቁ እየሸሸ ጨውነቱም እየበረታ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን ወደ ራቁት ሐይቆች ሄደው ለመፈለግ ተገደዱ።

እንዲህ ያለው ጥፋት በአንድ ቀን አይመጣም። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ስለሆነ ዓይን ይለምደዋል፤ ልጅም የተወለደበትን ዘመን የሐይቁን ልክ አድርጎ ይቈጥራል። ሽማግሌው ውኃው ቀድሞ ወዴት ይደርስ እንደ ነበር ያውቃል፤ ነገር ግን ሳይጻፍ ከቀረ እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። የዘንድሮው ቍጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የአሥር ዓመት ቍጥር ግን ዳኛ ፊት የሚቆም ምስክር ነው።

ስለዚህ መምህራን ለዚሁ አንድ ደብተር ለይታችሁ በትምህርት ቤቱ ሣጥን አኑሩ፤ ስትዘዋወሩም ለተተኪያችሁ አስረክቡ። ሽማግሎችም በጉዞው ቀን ወጥታችሁ፥ የጥንቱን የውኃ ዳርቻ ለልጆቹ በበትራችሁ አሳዩ፤ ከዐለቱ ያለው ርቀትም ተለክቶ በደብተሩ በፊተኛው ገጽ ይጻፍ።