ከአዲስ አበባ ካርቱም፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ብዙ

ከአዲስ አበባ ካርቱም በአየር ቀጥታ መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና በጎንደር፣ በመተማና በገዳሪፍ በኩል ሲኬድ ከ1,400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዓባይም ከጣና ተነሥቶ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር እስኪገናኝ ድረስ እየተጠማዘዘ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ጄት አውሮፕላን መንገዱን በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ሙሉ ፍጥነቱን እንደያዘ ቢበር 1 ሰዓት ከሩብ ይበቃው ነበር፤ የቀረውን የሚበላው ማኮብኮቡ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ነው። መነሣቱም በሁለቱም ከተሞች ቀላል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጥራቸዋል፣ አውሮፕላኑ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ካርቱም ከፍታው 400 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል። አንዱ በደጋነቱ፣ ሌላው በሐሩሩ አብራሪውን በአንድ ነገር ይፈትኑታል።

መንገደኛውን ግራ የሚያጋባው ደግሞ የእጅ ሰዓቱ ነው። ሱዳን ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን ወደኋላ መልሳ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ከቦሌ ረፋድ 4፡00 የተነሣ ሰው ካርቱም የሚደርሰው በካርቱም ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲነበብ፣ 4፡40 ነው። ከካርቱም 4፡00 የተነሣ ግን ቦሌ ሲወርድ 6፡40 ሆኖ ይጠብቀዋል።

በጦርነት ዘመን ይኸው ጉዞ ወራት ፈጅቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ መነሻቸው ካርቱም ነበረች። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ በበላያ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን፣ በ105ኛው ቀን ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በከተማዋ መካከል ያለው የካርቱም አየር ማረፊያ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ስፍራዎች አንዱ ሆነና ተዘጋ። ነዋሪው፣ እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በአሥር ሺዎች ሆኖ በየብስ ወደ መተማ ጎረፈ። በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት በታች የነበረው ጉዞ ለብዙዎች የቀናት መንገድ ሆነ። የአየር ክልሉ በመዘጋቱም በሱዳን ሰማይ ያልፉ የነበሩ አየር መንገዶች ዙሪያውን ለመብረር ተገደው ተጨማሪ ነዳጅና ሰዓት ከፍለዋል። የሱዳን ጦር አየር ማረፊያውን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ያዘ፤ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ደግሞ የአገር ውስጥ መንገደኞች አውሮፕላን ዳግም አረፈበት።

ስለዚህ በዚህ መስመር የሚጓዝ ሰው ኪሎ ሜትሩን ከመጠየቁ በፊት ሰማዩ ክፍት መሆኑን ይጠይቅ፤ የጉዞውን ሰዓት ከርቀቱ ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው።