ተጨማሪ መረጃ፦ ባሕርም እንደ መርካቶ በተራ ይከፈላል

መርካቶ ብትሄዱ በርበሬ ገዢው ወደ በርበሬ በረንዳ፣ ጥበብ ፈላጊው ወደ ሸማ ተራ ሲያመራ ታያላችሁ፤ ምናለሽ ተራ ደግሞ ያገለገለ ብረትና ቆርቆሮ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ዳግም ዕቃ ይሆናል። ሁሉም ቦታ ቦታውን በመያዙ ሥራው አይደነቃቀፍም።

ባሕርም እንዲሁ ድልድል ይፈልጋል። መርከብ ይመላለስበታል፣ ዓሣ ይጠመድበታል፣ ኬብል ይዘረጋበታል፣ የንፋስ ተርባይን ይተከልበታል። የትኛው ሥራ የት ይሁን የሚለውን ተመካክሮ አስቀድሞ መወሰን የባሕር ቦታ አጠቃቀም ዕቅድ ይባላል።

የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ፣ ቪንደቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዴንማርክ 11 ተርባይኖች ይዞ ሥራ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ዴንማርክ፣ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም በሰሜን ባሕር እስከ 2050 ቢያንስ 150 ጊጋዋት በጋራ ለማልማት ተስማሙ። አንዱ ዘንድ ነፋሱ ሲደክም ሌላው ኤሌክትሪክ ያካፍለዋል።

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም በዚህ ዓይነቱ ትብብር ውስጥ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት፣ ማለትም አገሮች ኤሌክትሪክ የሚገበያዩበት ማኅበር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ የሚደርሰው መስመርም እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል።

ሞክሩት፦ የጣና ሐይቅን ካርታ ሥላችሁ የዓሣ ማጥመጃውን፣ የጀልባ መስመሩንና የገዳማቱን ደሴቶች ለዩ። ተንሳፋፊ የፀሐይ ፓነል ቢመጣ የት ታስቀምጡታላችሁ? ከመወሰናችሁ በፊትስ እነማንን ታማክራላችሁ?