አንገት በተጣመመ ቁጥር ጂን አይደለም

ከሰላ ድንጋይ ተነስቶ የአእምሮ ሕመምተኛ ልጁን ደብረ ብርሃን፣ ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አሳክሞ የተመለሰ ቤተሰብ ትልቁ ፈተና ያለፈ ይመስለዋል። መድኃኒቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ግን የልጁ አንገት ሊጠመዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊተከል፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል። ያኔ «ጂኑ ተነሳበት» ይባልና ክኒኑ ይጣላል።

ይህ የመድኃኒቱ ጎን ለጎን የሚመጣ ጉዳት ነው። ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕመም መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የታወቀ ነገር ነው። ክሎርፕሮማዚንም ሆነ ሃሎፔሪዶል ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ሥራ በመግታት የሌለ ድምፅ መስማትን ያበርዳሉ፤ ያው ዶፓሚን እንቅስቃሴንም ስለሚመራ ጡንቻ ይታሰራል። በወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል። ሕክምና ቤት በጊዜ ከተደረሰ በመርፌ በሚሰጥ ማፍታቻ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ለነገ አይባልም።

እጅ የሚንቀጠቀጥ፣ ፊት የሚደርቅ፣ እርምጃ የሚያጥር ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን ይለውጣል ወይም አርቴን ያዛል። አርቴን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛም ያቃዣል፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚበዳደሩት ክኒን አይደለም።

እጅግ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። ሕመምተኛው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል። ቤተሰብ «ባሰበት» ብሎ መድኃኒት ያስጨምርለታል፤ ጭማሪው ደግሞ መቅበጥበጡን ያብሰዋል። «ውስጥህን ምን ይሰማሃል?» ብሎ ልጁን መጠየቅ፣ መልሱንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብ መድኃኒት ለዚህ ይታዘዛል።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ከንፈርና ምላስ ያለ ፈቃድ ማላመጥ ከጀመሩ አርቴን አይጠቅምም፤ እንዲያውም ሊያብሰው ይችላል። በቶሎ ሲታይ ይሻላል። ከባድ ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር ከመጣ ግን መድኃኒቱን ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ረመዳን ሲቃረብም ሐኪም ይጠየቅ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በኢፍጣርና በሱሁር ሊደለደል ይችላል። አርቴን ላብን ስለሚቀንስና ጥምን ስለሚያብስ ፆሙ የሚከብደው አለ። ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ በሱረቱል በቀራ (2፡184) ተፈቅዷልና፣ «መድኃኒትህን ተውና ፁም» ብሎ የሚገፋው ዘመድ ይህን ያስታውስለት።