ቫይረሱ የሌለበት የቫይረስ ሽፋን

ኤችአይቪ ወደ ሰው ህዋስ የሚገባው ከሽፋኑ ላይ ብቅ ብቅ ባሉ ጉጦች ነው። በአንድ ቫይረስ ላይ ያሉት ጉጦች በአማካይ ከ14 አይበልጡም። እያንዳንዱ ጉጥ ጂፒ 120 እና ጂፒ 41 ከተባሉ ፕሮቲኖች፣ ከሁለቱም ሦስት ሦስት ሆኖ የተሠራ ነው። በውጭ በኩል ያለው ጂፒ 120 ሥራው በህዋሱ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲዲ 4ን፣ ያንን በምርመራ ወረቀት ላይ የለመድነውን፣ ፈልጎ መያዝ ነው። ከያዘው በኋላ ቅርጹን ለውጦ ሲሲአር 5 ወይም ሲኤክስሲአር 4 የተባለ ሁለተኛ ተቀባይ ይጨብጣል። ከዚያ ጂፒ 41 የቫይረሱንና የህዋሱን ሽፋን ያዋህዳል።

ጂፒ 120ን ለማጥናት ሕያው ቫይረስ ማራባት አደጋም ወጪም አለው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ለብቻው ያስመርታሉ። ጂፒ 120ን የሚያዘው የዘረመል ክፍል ብቻ ተለይቶ በቤተ ሙከራ በሚራቡ የእንስሳ ወይም የሰው ህዋሳት ውስጥ ይገባል። ህዋሳቱም ፕሮቲኑን እየሠሩ ወደሚኖሩበት ፈሳሽ ይተፉታል። የቀረው የቫይረሱ ዘረመል ስለሌለ ምርቱ ማንንም ሊይዝ አይችልም።

ባክቴሪያ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለዚህ ሥራ የማይመረጠው በስኳር ምክንያት ነው። የጂፒ 120 ክብደት ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ቫይረሱ ይህን ስኳር እንደ ጋቢ ተከናንቦ ከፀረ እንግዳ አካላት ይሸሸጋል። የተለመዱት የቤተ ሙከራ ባክቴሪያዎች ደግሞ ፕሮቲኑን ይህን ስኳር ማልበስ አይችሉበትም። የስኳሩ መኖር በጄል ምርመራ ላይ በዓይን ይለያል፤ ስኳር የሌለው ፕሮቲን ቀጭን መስመር ሲሠራ፣ ጂፒ 120 ግን 120 ኪሎዳልተን አካባቢ ሰፋ ብሎ የደበዘዘ መስመር ይተዋል።

ጂፒ 120 ከተጣራ በኋላ ዋና ሥራው ኤላይዛ በተባለው ምርመራ ላይ ነው። ፕሮቲኑ 96 ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ተለጥፎ ያድራል። በማግስቱ የደም ሴረም ይጨመርበታል፤ የሚያውቀው ፀረ እንግዳ አካል ካለ ይይዘዋል። ታጥቦ፣ ኢንዛይም የታሰረበት ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ተጨምሮ እንደገና ከታጠበ በኋላ ቀለም አውጪ ፈሳሽ ሲገባ ጉድጓዱ ሰማያዊ ይሆናል፤ አሲድ ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቢጫው በደመቀ ቁጥር የያዘው ፀረ እንግዳ አካል በዝቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ቁራጭ ሙሉውን አይተካም። ጂፒ 120ን ብቻውን እንደ ክትባት የሞከረው ትልቅ ጥናት በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱ ሲገለጥ መከላከል አልቻለም። በ2009 ከ16,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የታይላንድ ጥናት ከሌላ ክትባት ጋር አጣምሮት 31 በመቶ ገደማ መከላከል አሳየ። በደቡብ አፍሪካ የዚሁ ዓይነት ሙከራ በ2020 ውጤት ስላላስገኘ ቆመ። አንዱ ምክንያት ጂፒ 120 ከሦስትዮሽ ጉጡ ሲነጠል በሕያው ቫይረስ ላይ የተሸሸገው ገጹ ስለሚገለጥ ነው፤ ሰውነትም ያንን እያየ የማይጠቅም ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ሦስቱን አንድ ላይ አጽንቶ የያዘው፣ ሶሲፕ የሚባለው ዝግጅት የመጣው ይህን ለማረም ነው።

ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሚበጀው ምክር ከዚህና ጂፒ 120 ከዝርያ ዝርያ ከመለያየቱ ይመነጫል። በአገራችን የተስፋፋው የኤችአይቪ ዝርያ ሲ ነው፤ ከኢትዮጵያ የተገኘ የዚህ ዝርያ ሙሉ ዘረመል በ1996 ታትሞ በዓለም ደረጃ ማመሳከሪያ ሆኗል። ገበያው ላይ ግን ቢ ከተባለው ሌላ ዝርያ የተሠራ ጂፒ 120 ሞልቷል። በቢ ፕሮቲን ተመርምሮ ደካማ የሆነ ውጤት የሕመምተኛው ፀረ እንግዳ አካል ማነስ ሳይሆን የፕሮቲኑ አለመመሳሰል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዝርያው የትኛው ነው? በየትኛው ህዋስ ተመረተ? ነጠላ ነው ወይስ ሦስትዮሽ?