ስለ ጆሮ ጩኸትና ስለ ሜሊሳ ቅጠል
(በሬዲዮ ከተሰጠ የጤና ንግግር የተወሰደ)



ብዙ ዓመት በወፍጮ ቤት የሠሩ አንድ አድማጭ እንዲህ የሚል ጥያቄ ልከውልናል። «የወፍጮው ሞተር ማታ ይቆማል፤ በጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ግን አይቆምም። ሜሊሳ የሚባል ቅጠል ጸጥ ያደርገዋል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነውን?» እንቅልፍ ላጣ ሰው ከንቱ ተስፋ መስጠት አይገባምና፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

የጆሮ ጩኸት ማለት ከውጭ ድምፅ ሳይኖር ፉጨት፣ ጭውታ ወይም ደወል የመሰለ ነገር መስማት ነው። ይህም ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የሌላ ነገር ምልክት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። እነዚህም በብርቱ ጩኸት ወይም በዕድሜ ብዛት ከተጎዱ በኋላ እንደገና አይተኩም። አንጎልም የጎደለበትን ድምፅ ሲፈልግ የሌለውን እንዳለ አድርጎ እንደሚሰማ ዐዋቂዎች ያስረዳሉ። ከዚህም ሌላ በጆሮ ውስጥ የደረቀ ኩክ፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ በብዛት የተወሰደ አስፒሪን፣ እንደ ጀንታሚሲን ያሉ መድኃኒቶችም ጩኸቱን ሊያመጡት ይችላሉ።

ስለዚህ ጩኸቱ የሚነሣው ከጆሮ ቢሆንም፣ የሚያሠቃየው ግን አእምሮን ነው። ሰው ጩኸቱን በፈራው መጠን ያዳምጠዋል፤ ባዳመጠው መጠን ይበረታበታል፤ ሲበረታበት እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይጨነቃል። የሜሊሳም ጉዳይ የሚገባው በዚህ ክብ ውስጥ ነው።

ሜሊሳ የናናና የበሶብላ ዘመድ የሆነ፣ የሜዲትራንያን ባሕር አካባቢና የምዕራብ እስያ ተክል ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቈራረጠ ሲሆን፣ በእጅ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። በሽታው ምክንያት ከጠጅ ሳር ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ነገር ግን ጠጅ ሳር ቅጠሉ ረጅም የሆነ የሣር ወገን ነው። ስሙ በጽርዕ ቋንቋ ንብ ማለት ነው፤ ንቦች አበባውን ይወዱታልና። ከ980 እስከ 1037 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር የኖረው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና ልብን ደስ እንደሚያሰኝ ጽፎለታል።

በዘመናችንም በ2004 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር የታተመ አንድ የእንግሊዝ አገር ጥናት፣ ለ18 ጤነኛ ሰዎች ከቅጠሉ የተዘጋጀ ጭማቂ ሰጥቶ አስጨናቂ የአእምሮ ሥራ ቢያሠራቸው፣ 600 ሚሊ ግራም በወሰዱ ጊዜ የበለጠ ተረጋግተው ተገኙ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ቀላል ጭንቀትን ለማስታገሥና እንቅልፍን ለማገዝ በልማድ ሲሠራበት የቆየ ተክል መሆኑን ተቀብሎታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በሉ። እነዚያ 18 ሰዎች ጤነኞች እንጂ የጆሮ ሕመምተኞች አልነበሩም። ሜሊሳ የተጎዳውን ሕዋስ አያድስም፤ ጩኸቱንም አያጠፋም። ሊያደርግ የሚችለው ሰውየውን ጥቂት ማረጋጋት ነው። ይህን የመሰለ ዕረፍት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ለሚያነጋ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ዕረፍትን ፈውስ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ሊሞክረው የሚወድ ሰው ከደረቀው ቅጠል ከ1.5 እስከ 4.5 ግራም በ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ይዘፍዝፍ፤ ሽታው እንዳይተን ይክደነው፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ካቆየ በኋላ አጥልሎ ይጠጣው። በቀን ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት ወይም የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ግን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። እንቅልፍ የሚያመጣበት ሰው መኪና አይንዳ። ከሁሉም በላይ፣ የዚህንም ሆነ የሌላ ቅጠል ጭማቂ በጆሮ ውስጥ ማንጠባጠብ ፈጽሞ አይገባም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ከሆነ፣ ወይም ድንገት የመስማት ጉድለትና የራስ መዞር ከመጣ፣ ቅጠል ሳይቀቅሉ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት አምጥቶት እንደሆነ የተጠራጠሩም ለሐኪማቸው ይንገሩ እንጂ በገዛ እጃቸው አያቋርጡ። ጩኸቱ ለቆየባቸው ሰዎች ሐሳብንና ልማድን የሚያስተካክል የምክር ሕክምና መጥቀሙ በጥናት ታውቋል። በፍጹም ጸጥታ ውስጥ ጩኸቱ ጎልቶ ስለሚሰማም፣ ሌሊት ሬዲዮን እጅግ ዝቅ አድርጎ መክፈት ይረዳል።

ለጠያቂያችን የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ሜሊሳውን ለዕረፍትዎ ይጠጡት፤ ጆሮዎን ለሐኪም ያሳዩ። በወፍጮ ቤት ዛሬ እርስዎን የተካው ወጣትም ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ጆሮውን በመከላከያ እንዲሸፍን ይምከሩት። ለእርሱ ጊዜው ገና አላለፈምና።